ፍቅርን ሳይናገሩ ስለ መናገር

ስለ ፍቅር ያልተነገረበት ዘመን፥ ስለ ፍቅር ያልተዘፈነበትም አገር አይገኝም። እንግዲህ ስለ ፍቅር ሊናገር የተነሣ ደራሲ የሚቸገረው የሚናገረው ነገር አጥቶ አይደለም፤ የሚቸገረው ሁሉም ነገር አስቀድሞ የተባለ በመሆኑ ነው። «እወድሃለሁ»፥ «እወድሻለሁ» የሚለው ቃል ብዙ አፍ ስለ ተመላለሰበት፥ ብዙ እጅ እንዳለፈበት ሳንቲም መልኩ ደብዝዞአል። ስለዚህ አንድ ተዋናይ ይህን ቃል በሲኒማ ሸራ ላይ ሲናገረው ብንሰማ፥ መናገሩን ሰማን እንጂ መውደዱን ገና አላየንም።

ከዚህ ችግር ለመውጣት የፊልም ሠሪዎች ሁለት መንገዶችን ሲከተሉ ኖረዋል። አንደኛው መንገድ ድምፅን ከፍ ማድረግ ነው፤ እንባውን ማብዛት፥ ሙዚቃውን ማጉላት፥ አንድ ጊዜ የተባለውን ሦስት ጊዜ ማስባል ነው። ሁለተኛው መንገድ ድምፅን ዝቅ አድርጎ፥ ዋናውን ነገር ሳይናገሩ፥ ተመልካቹ ራሱ እንዲደርስበት ማድረግ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህን ሁለተኛውን መንገድ ነው። ለምስክርነት የመረጥናቸው ፊልሞች አራት ናቸው፤ እነርሱም ቻርሊ ቻፕሊን በ1931 ያወጣው «የከተማ መብራቶች»፥ ኤርንስት ሉቢች በ1940 ያወጣው «የማዕዘኑ ሱቅ»፥ ዴቪድ ሊን በ1945 ያወጣው «አጭር ግንኙነት»፥ ዊልያም ዋይለር በ1953 ያወጣው «የሮማ ዕረፍት» ናቸው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

ረቂቅ አተራረክ ስንል ነገርን ማድበስበስ ማለታችን አይደለም። የተድበሰበሰ ነገር ሁለት ጊዜ ቢያዩት ያው እንደ ተድበሰበሰ ይቀራል። ረቂቅ የሆነው ግን በመጀመሪያው እይታ ቀላል፥ በሁለተኛው እይታ ጥልቅ ሆኖ ይገኛል። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። በቅኔ ቤት ያለፈ ሰው፥ ባያልፍም የቅኔን ለዛ ያጣጣመ ሰው፥ አንድ ቃል ሰምና ወርቅ ተሸክሞ ሊሄድ እንደሚችል ያውቃል። ልዩነቱ በቅኔ ውስጥ ኅብሩ ያለው በቃሉ ሲሆን፥ በፊልም ውስጥ ኅብሩ ያለው በዕቃው፥ በእጅ አነሣሡ፥ በበሩ መዘጋት፥ በሰው አካሄድ መሆኑ ነው። የቅኔ ኅብር ወደ ሌላ ቋንቋ ሲተረጎም ብዙ ጊዜ ይጠፋል፤ የእጅ እንቅስቃሴ ግን ተርጓሚ አያሻውም። በአንድ የእንግሊዝ ባቡር ጣቢያ የሆነው ነገር እንግሊዝን አይቶ ለማያውቅ ሰው የሚገባውም ስለዚህ ነው።

የባቡር ጣቢያውን ካነሣን ዘንድ «አጭር ግንኙነት»ን አስቀድመን እንመልከት። ፊልሙ የተወሰደው ኖኤል ካዋርድ በ1936 ለመድረክ ካቀረበው ባለ አንድ ገቢር ተውኔት ነው። የጣቢያው ትርኢት የተነሣው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊፈጸም በተቃረበበት በ1945 መጀመሪያ፥ በሰሜን እንግሊዝ በካርንፎርዝ ጣቢያ ነበር። ታሪኩ አጭር ነው። ሎራ ጄሰን ባልና ሁለት ልጆች ያሏት ሴት ስትሆን፥ በየሐሙሱ ወደ ጎረቤት ከተማ እየሄደች ዕቃ ትገዛለች፥ መጽሐፍ ትለውጣለች፥ ሲኒማም ትገባለች። አንድ ቀን በጣቢያው ሳለች ከሚያልፍ ባቡር የተነሣ ጉድፍ በዐይኗ ይገባል። አሌክ ሃርቪ የሚባል ሐኪም በመሐረብ ያወጣላታል። እርሱም እንደ እርስዋ ባለትዳርና የልጆች አባት ነው። ከዚያ በኋላ በሐሙስ በሐሙስ ይገናኛሉ፤ ይዋደዳሉ፤ ነገሩ ወዴት እንደሚያደርሳቸው በተረዱ ጊዜም ይለያያሉ። እርሱ ወደ ደቡብ አፍሪካ ለሥራ ይሄዳል፤ እርስዋ ወደ ባሏና ወደ ልጆችዋ ትመለሳለች።

ታሪኩ ይህን ያህል ተራ ከሆነ የፊልሙ ኀይል ከወዴት መጣ? መልሱ ከአጀማመሩ ይገኛል። ፊልሙ የሚጀምረው ከመጨረሻው ነው። በጣቢያው ሻይ ቤት ውስጥ ነን። ትኬት ተቆጣጣሪው ከሻይ ቤቱ እመቤት ጋር ይቀላለዳል። ከወደ ጥግ ባለው ጠረጴዛ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ተቀምጠዋል፤ እነማን እንደ ሆኑ አናውቅም። ሎራን የምታውቅ አንዲት ወሬኛ ሴት ገብታ፥ ሳትጋበዝ አጠገባቸው ትቀመጥና ስለ ገበያ ስለ ድካሟ መለፍለፍ ትጀምራለች። የሰውየው ባቡር መድረሱ ይነገራል። ይነሣል፤ ወሬኛዋን በትሕትና ይሰናበታል፤ የሎራን ትከሻ በእጁ አንድ ጊዜ ያዝ አድርጎ ይወጣል። ወሬኛዋ ቸኮላታ ልትገዛ ወደ ባንኮኒው ትሄዳለች፤ ዘወር ስትል ሎራ ከቦታዋ የለችም። ጥቂት ቆይታ ትመለሳለች፤ ፈጣኑ ባቡር ሲያልፍ ለማየት ወጥታ እንደ ነበር ትናገራለች። ለእኛም ከዚህ ያለፈ የታየን ነገር የለም።

ከዚያ ሎራ ቤቷ ገብታ፥ ባሏ የጋዜጣ ቃላት ሲሞላ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ፥ የሆነውን ሁሉ በልቧ ትነግረዋለች። ፊልሙም ታሪኩን ሁሉ ካሳየን በኋላ ወደዚያው ሻይ ቤት፥ ወደዚያው ጠረጴዛ ይመልሰናል። ያችው ሴት ትገባለች፤ ያው ልፍለፋ ይደገማል፤ ሰውየው ይነሣል፤ ያው እጅ በዚያው ትከሻ ላይ ያርፋል። አሁን ግን ያ እጅ የሁለት ሰዎች የመጨረሻ ስንብት መሆኑን እናውቃለን። ሊባባሉ የፈለጉትን ሁሉ የወሬኛዋ ልፍለፋ ስለ ቀማቸው፥ ሊናገሩት ያልቻሉት ሁሉ በዚያ በአንድ መንካት ውስጥ ገብቶአል። በመጀመሪያው ጊዜ ካሜራው ከወሬኛዋ ጋር ስለ ቀረ፥ ሎራ ወዴት እንደ ሄደች አላየንም ነበር፤ አሁን ተከትለናት ስንወጣ ከሚበረው ባቡር ፊት ራስዋን ልትጥል ከመድረኩ ጫፍ ደርሳ እንደ ነበር እንረዳለን።

እዚህ ላይ ዲሬክተሩ በእኛ ላይ የፈጸመውን ነገር ልብ ብለን እንመልከት። አንድን ነገር ሁለት ጊዜ አሳየን፤ በመጀመሪያው ጊዜ እንደ ወሬኛዋ ሴት ዐይን እያለን አላየንም። በየቀኑ በሻይ ቤት፥ በአውቶቡስ ፌርማታ፥ በመሥሪያ ቤት ኮሪደር ከምናያቸው ሰዎች መካከል ስንቱ እንዲህ ያለውን ስንብት በፊታችን ፈጽሞ ይሆን? ፊልሙ ይህን ጥያቄ በቃል አያቀርበውም። ሆኖም ተመልካቹ ከሲኒማ ቤት ሲወጣ ጥያቄው አብሮት ይወጣል።

ሙገሳችን ፍርዳችንን እንዳይሸፍነው፥ ፊልሙ ራሱ ከሠራው ሕግ የሚወጣበት ጊዜ መኖሩንም እንናገራለን። የራክማኒኖቭ ሁለተኛው የፒያኖ ኮንቼርቶ አንዳንድ ጊዜ ከሚገባው በላይ ይጮኻል። የሎራም የልብ ንግግር ፊቷ አስቀድሞ የነገረንን ነገር የሚደግምበት ቦታ አለ፤ ተዋናይቱ ሲሊያ ጆንሰን በዐይኗ የምትናገር ሴት ናትና ይህን ያህል እርዳታ አያሻትም ነበር። ነገር ግን ንግግሩን ሙሉ በሙሉ ትርፍ ነው ለማለት አንደፍርም። ሎራ የምትናገረው ሊሰማት ለሚገባውና ለማይሰማት ለባሏ ነው። ያን ያህል ስትናገር ከክፍሉ ውስጥ ያለው እውነተኛ ነገር ዝምታ ብቻ ነው።

ከእንግሊዝ ወደ አሜሪካ ተሻግረን፥ ጥቂት ዓመታትም ወደ ኋላ ተመልሰን ወደ ቻፕሊን እንምጣ። «የከተማ መብራቶች» በተሠራበት ጊዜ የሚናገር ፊልም ከወጣ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። ቻፕሊን ግን ሙዚቃና ልዩ ልዩ ድምፅ ብቻ ጨምሮ ሰዎቹን ሳያናግር ቀረ። ታሪኩ አንድ ቤት የለሽ ድኻ ዐይነ ስውር የሆነችውን አበባ ሻጭ ስለ መውደዱ ነው። ልጅቱ ድኻውን ሀብታም ሰው ነው ብላ እንድታስብ ማድረግ ያስፈልግ ነበር። ቻፕሊን መፍትሔውን እስኪያገኝ ድረስ ይህን ትርኢት ደጋግሞ አንሥቶታል። ያገኘው መፍትሔ የአንድ አውቶሞቢል በር ነው። ድኻው ከፖሊስ ዐይን ለመሸሽ፥ ቆሞ በነበረ ያማረ አውቶሞቢል ውስጥ በአንደኛው በር ገብቶ በሌላው በር ይወጣል። ልጅቱ የበሩን መዘጋት ሰምታ አበባዋን ታቀርብለታለች። ጥቂት ቆይቶ ባለ መኪናው መጥቶ ይገባል፤ በሩ ይዘጋል፤ መኪናው ይሄዳል። ልጅቱም ደንበኛዋ መልሱን ሳይቀበል የሄደ መሰላት። ድኻው ይህን ሲያይ ሕልሟን እንዳያፈርስባት ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ በእግሩ ጣት ይርቃል።

በማይናገር ፊልም ውስጥ የታሪኩ ሁሉ መሠረት የሆነው ድምፅ ነው፤ ያንን ድምፅ የምትሰማውም ልጅቱ ናት። እኛ በዐይናችን እውነቱን ስናይ፥ እርስዋ በጆሮዋ ሌላ ሰው ትሰማለች። በመጨረሻም ድኻው ባገኘላት ገንዘብ ዐይኗ ይበራል፤ እርሱ ግን ስለዚያ ገንዘብ ታስሮ ይወጣል። በአበባ ሱቅዋ መስኮት አጠገብ ተቀዳዶ ስታየው ትሥቃለች፤ አዝና አበባና ሳንቲም ልትሰጠው እጁን ስትይዝ፥ በዐይኗ ያላወቀችውን ሰው በእጅዋ ታውቀዋለች። ፊልሙ የሚያበቃው ድኻው አበባውን ወደ አፉ አስጠግቶ፥ በፍርሃትና በተስፋ መካከል ፈገግ ሲል ነው። አገባችው? አዝናለት ብቻ ቀረች? ቻፕሊን አይነግረንም። ቢነግረን ኖሮ ያን ፊት እንዲህ አትኩረን ባላየነው ነበር።

ሦስተኛው ምስክራችን ሉቢች በ1892 በበርሊን ተወልዶ፥ በ1922 ወደ አሜሪካ የተሻገረ ሰው ነው። «የማዕዘኑ ሱቅ» ግን ስለ አሜሪካ አይደለም፤ የሃንጋሪው ሚክሎሽ ላስሎ ከጻፈው ተውኔት የተወሰደ ሲሆን፥ ነገሩ የሚፈጸመው በቡዳፔስት በሚገኝ አንድ ሱቅ ነው። በሱቁ የሚሠሩት ክራሊክና ክላራ ፊት ለፊት ሲገናኙ ይነካከሳሉ። ዳሩ ግን ሁለቱም ስሙን ከማያውቁት ሰው ጋር የፍቅር ደብዳቤ ይጻጻፋሉ፤ ያ ሰው እዚያው አጠገባቸው የሚሠራው ባልደረባ መሆኑን አያውቁም።

ደብዳቤ ተጻጻፊዎቹ በአንድ ካፌ ሊገናኙ በተቃጠሩበት ምሽት፥ ክራሊክ ፈርቶ ጓደኛውን በመስኮት አሻግሮ እንዲያይለት ይለምነዋል። ጓደኛው ያያል፤ ያየውን በአንድ ጊዜ አይናገርም። ልጅቱ ክላራን እንደምትመስል ይጀምርና፥ ክላራን የማትወድ ከሆነ ይህችንም አትወዳትም፥ ምክንያቱም ራስዋ ክላራ ናት ብሎ ይጨርሳል። ሌላ ዲሬክተር ቢሆን ካሜራውን ወደ ውስጥ አስገብቶ የልጅቱን ፊት ባሳየን ነበር። ሉቢች ግን ከውጭ ከክራሊክ ጋር አቆመን፤ ዜናውን የምንሰማው እርሱ እንደ ሰማው ነው። ከዚህ በኋላ ክላራ ደብዳቤ መጥቶላት እንደ ሆነ ለማየት ወደ ፖስታ ቤት ትሄዳለች። ካሜራው ከሣጥኑ በስተ ውስጥ ነው። አንድ እጅ ገብቶ ባዶውን ሣጥን ሲዳብስ እናያለን፤ ከዚያ ፊቷ በቀዳዳው ይታያል። አንድም ቃል አይነገርም። ብቸኝነት ምን እንደ ሆነ ለማስረዳት ረዥም ንግግር የሚጽፍ ደራሲ ይህን የሚዳብስ እጅ ቢያይ ብዕሩን ሳያስቀምጥ አይቀርም።

አራተኛው፥ «የሮማ ዕረፍት»፥ አንዲት ልዕልት ከሥርዐትና ከፕሮግራም አምልጣ በሮማ ከተማ ከአንድ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ጋር ስለ ዋለችው አንድ ቀን የሚናገር ነው። በመጨረሻ ልዕልቲቱ ወደ ግዴታዋ ተመልሳ ለጋዜጠኞች ቃል ስትሰጥ፥ ያ ጋዜጠኛ ከሰልፉ መካከል ቆሞአል። ከጎበኘሻቸው ከተሞች የትኛውን ወደድሽ ተብላ ስትጠየቅ፥ ሁሉም በየራሳቸው እንደማይረሱ የሚናገረውን የተዘጋጀ የዲፕሎማቶች መልስ ትጀምርና መካከል ላይ ታቋርጠዋለች፤ ሮማ ብላ ቁርጡን ትናገራለች። ጉባኤው የሰማው ስለ ከተማ ነው፤ ጋዜጠኛው የሰማው ሌላ ነው። ይህ በእውነት ሰምና ወርቅ ነው። እርስዋ ከገባች በኋላ ሰውየው በዚያ ረዥም አዳራሽ ብቻውን ቀስ ብሎ ይወጣል። ተመልካች ሁሉ አሁን ትጠራዋለች ብሎ ይጠብቃል። ዘወር ብሎ ያያል፤ አዳራሹ ባዶ ነው። የሚሰማው የእግሩ ኮቴ ብቻ ነው።

አሁን ወደ አንድ ከባድ ጥያቄ ደርሰናል። የእነዚህ ፊልሞች ጨዋነትና ቁጥብነት የሳንሱር ውጤት ነው የሚሉ አሉ። ነገሩ መሠረት የሌለው አይደለም። የአሜሪካ ፊልም ሠሪዎች በ1930 ያጸደቁት የሥነ ምግባር ደንብ ከ1934 ጀምሮ በጥብቅ ይሠራበት ነበር፤ በ1968 ቀርቶ በዕድሜ ደረጃ መስጠት ተተካ። ደንቡ መሳምን፥ መኝታ ቤትን፥ ከጋብቻ ውጭ የሚደረግን ፍቅር ሁሉ ይቆጣጠር ነበር። እንግዲህ በግልጽ መናገር የተከለከለ ሰው በስውር መናገርን ይማራል፤ ስለዚህ የረቂቅነት እናትዋ መቀስ ናት ይላሉ።

እኛ ግን በዚህ አስተያየት አንስማማም። በመጀመሪያ፥ «የከተማ መብራቶች» የወጣው ደንቡ ከመጥበቁ ሦስት ዓመት አስቀድሞ ነው፤ በታሪኩም ውስጥ ሳንሱርን የሚያስፈራ ነገር አልነበረም። ቻፕሊን ግን መጨረሻውን ሸሸገ። ሁለተኛ፥ ሉቢች በበርና በመስኮት መናገርን የተካነው ደንቡ ገና ሳይጸድቅ፥ ድምፅ በሌለው ፊልም ዘመን ነው። ሦስተኛ፥ በዚያው መቀስ ሥር ያለፉት ፊልሞች እጅግ ብዙ ናቸው፤ መቀስ ጥበብን የሚወልድ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ድንቅ በሆኑ ነበር፤ አብዛኞቹ ግን ተረስተዋል።

«የሮማ ዕረፍት» ራሱ ለዚህ ክርክር ምስክር ነው። የታሪኩ ደራሲ ዳልተን ትረምቦ ነበር። ትረምቦ ስለ ፖለቲካ አቋሙ በምክር ቤት ፊት ቀርቦ መልስ ለመስጠት እምቢ በማለቱ በ1950 የታሰረ፥ በሆሊውድም ሥራ የተከለከለ ሰው ነው። ስለዚህ ስሙ በፊልሙ ላይ አልተጻፈም፤ የታሪኩን የኦስካር ሽልማት በስሙ የተቀበለው ሌላ ጸሐፊ፥ ኢያን ማክሌላን ሀንተር ነበር። ትረምቦ በ1976 ሞተ፤ ሽልማቱ በስሙ የተሰጠው በ1993 ነው። እንግዲህ በአንድ ፊልም ውስጥ ሁለት ዐይነት መሸሸግ እናገኛለን። የልዕልቲቱ መልስ የሸሸገው ፍቅር ፊልሙን አበለጸገው፤ የደራሲው ስም መሸሸግ ግን ለፊልሙ የጨመረለት ነገር የለም፤ አንድን ሰው የድካሙን ዋጋ ከመንፈግ በቀር። የሁለቱም ልዩነት ይህ ነው፤ መቀስ የሚሸሽገው ተመልካቹ እንዳያገኝ ነው፤ ጥበበኛ የሚሸሽገው ግን ተመልካቹ ፈልጎ እንዲያገኝ ነው። ይህን ልዩነት ያልለየ ሰው፥ ባለ ሥልጣንም ይሁን ሐያሲ፥ የአንዱን ምስጋና ለሌላው ይሰጣል።

ሌላው ተቃውሞ ከወጣቶች የሚሰማ ነው። እነዚህ ፊልሞች ቀርፋፎች ናቸው፤ ሰዎቹም ቀዝቃዞች ናቸው ይላሉ። ይህ ቅሬታ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። «አጭር ግንኙነት» ለሕዝብ ከመቅረቡ በፊት በሙከራ ሲታይ፥ ከተመልካቹ መካከል በፍቅሩ ትርኢት ላይ የሚሥቁ እንደ ነበሩ ዲሬክተሩ ዴቪድ ሊን ራሱ ተናግሯል። ይኸው ፊልም በ1946 በካን የፊልም ትርኢት ታላቁን ሽልማት ከተካፈሉት አንዱ ሆነ። በተመልካች ላይ እምነት የሚጥል ፊልም ሁልጊዜ ይህ አደጋ አለበት፤ ተመልካቹ የድርሻውን ካልሠራ ፊልሙ ጎደሎ ሆኖ ይቀራል። አሁን ፊልምን በእጅ ስልክ፥ በጎዳናና በታክሲ ውስጥ የምናይበት ዘመን ስለ ሆነ ይህ የተመልካች ድርሻ ይበልጥ ከብዶአል። በትከሻ ላይ የሚያርፍ እጅ ለአንድ አፍታ ብቻ ይታያል፤ በዚያች አፍታ ሌላ ነገር ላይ ላተኮረ ሰው ፊልሙ ሁሉ አለፈው።

ሰዎቹ ቀዝቃዞች ናቸው ለሚለው ግን የምንመልሰው በ«አጭር ግንኙነት» መጨረሻ ነው። ሎራ ታሪኳን በልቧ ነግራ ስትጨርስ፥ ባሏ ፍሬድ የቃላት ጨዋታውን ትቶ ይመለከታታል። ሩቅ አገር ሄዳ እንደ ነበረች ሁሉ፥ ወደ እርሱ ስለ ተመለሰች ያመሰግናታል። ፍሬድ ምን ያህል ያውቅ ነበር? ከመቼስ ጀምሮ? ፊልሙ አንዳች አይናገርም። ሰዓት ተኩል ያህል ፍቅርን ስንፈልግ የነበረው በጣቢያው ሻይ ቤት ነበር፤ እዚህ ደርሰን ሌላ ፍቅር፥ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ሲያነብብ የነበረ ዝምተኛ ፍቅር፥ ከመጀመሪያው አንሥቶ በክፍሉ ውስጥ እንደ ነበረ እንጠረጥራለን። እኛም እንደ ሎራ ልብ አላልነውም ነበር።

ሥነ ጽሑፍ ለሚያስተምሩ መምህራንና ልብ ወለድ ለመጻፍ ለሚሞክሩ ተማሪዎች አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። የ«አጭር ግንኙነት»ን የመጀመሪያ ትርኢት ብቻ አይተው ያዩትን በወረቀት ላይ ያስፍሩ፤ ፊልሙን ከፈጸሙ በኋላ ያንኑ ትርኢት ደግመው አይተው እንደ ገና ይጻፉ። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ሲያስቀምጡ፥ በሸራው ላይ የተለወጠው ነገር ጥቂት ሆኖ ሳለ የእነርሱ ጽሑፍ ምን ያህል እንደ ተለወጠ ይመለከታሉ። ከዚያ ወደ ራሳቸው ድርሰት ተመልሰው፥ ባለ ታሪኩ መውደዱን በቃል የሚናገርበትን መስመር ይሰርዙት። መስመሩ ተሰርዞ ፍቅሩ ካልጠፋ፥ ቀድሞም መስመሩ አላስፈለገም ነበር፤ ፍቅሩ አብሮ ከጠፋ ደግሞ ገና የሚጻፍ ነገር አላቸው።